ከጨረቃ ሰዎች እስከ ቬሌስ ወጣቶች፤ የሐሰት ወሬ ንግድ አጭር ታሪክ

መግቢያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የገጠር መንገድ ሥራ ላይ ተመድቤ ሳለሁ፣ ለአገልግሎት ከተከፈተ ሁለተኛ ክረምቱን የያዘ አንድ የኮንክሪት ድልድያችን «ተደርምሶ ሰው ፈጀ» የሚል ወሬ በማኅበራዊ መገናኛ መድረኮች ተሠራጨ። ከወሬው ጋር የቀረበው ሥዕል በእርግጥ የተደረመሰ ድልድይ ሥዕል ነበረ፤ ነገር ግን የእኛ ድልድይ አልነበረም። የምሰሶዎቹ ቅርጽ፣ የመከላከያ አጥሩ አሠራር፣ በሥዕሉ ጥግ የሚታየው የመኪና ሰሌዳ ሁሉ የሌላ አገር መሆኑን ለሚያስተውል ሰው ይመሰክራሉ። ወሬውን ያወጣው ሰው ግን ይህን ለማወቅ አልፈለገም፤ ለሥራውም ማወቅ አላስፈለገውም።

በዚያው ምሽት በአሜሪካ የምትኖረው እኅቴ ደወለችልኝ። የመጀመሪያ ቃሏ «በሕይወት አለህ?» የሚል ነበረ። እውነቱን ነግሬ አረጋጋኋት። በማግሥቱ ግን እንደገና ደውላ ቪዲዮውን ደጋግማ ማየቷን፣ ከሥሩም «ወንድሜ ያለበት ሥራ ነው፤ ድልድዩ ቆሟል፤ አትዋሹ» ብላ መጻፏን፣ ለጓደኞቿም ሁሉ «ይህን እንዳታምኑ» እያለች መላኳን አጫወተችኝ። ቪዲዮው ከመጀመሩ በፊት ምን እንደምታይ ጠየቅኋት። «ስለ ቤት ቀለም የሚናገር ማስታወቂያ ይመጣል» አለች። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። እኅቴ በማየቷም፣ በመቆጣቷም፣ በማስተባበሏም ሐሰቱን ለፈጠረው ሰው ገቢ ጨምራለታለች። እኔም ሥዕሉ የየት አገር እንደሆነ ለመለየት ያንኑ ቪዲዮ ስንት ጊዜ እንዳየሁት ሳስበው አፈርሁ።

በዚህ መካከል አሽከርካሪዎች በድልድዩ ማለፍን ትተው ለሦስት ቀናት በረጅሙ መንገድ ዞሩ። ነዳጅ ተቃጠለ፤ ለገበያ የተጫነ አትክልት ተበላሸ፤ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄዱ ሰዎች ተጉላሉ። ይህን ኪሣራ ማንም ለቪዲዮው ባለቤት አላስከፈለውም።

ይህ ጽሑፍ ሰው ለምን ይዋሻል የሚለውን ጥንታዊ ጥያቄ ለመመለስ አይሞክርም። የሚመረምረው ከእኛ ሙያ ጋር ይበልጥ የሚቀራረበውን ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ሐሰት ዋጋ ያገኘው በምን ዓይነት አሠራር ነው? ሂሳቡንስ የሚከፍለው ማን ነው? የሚለውን ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጠ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአንድ ሳንቲም ጋዜጣ

ወሬን መሸጥ አዲስ ነገር አይደለም። ወሬን ለአንባቢ በርካሽ እየሰጡ አንባቢውን ራሱን ለነጋዴ መሸጥ ግን የታወቀ የልደት ዘመን አለው። በመስከረም 1833 ቤንጃሚን ዴይ የተባለ አታሚ በኒውዮርክ ከተማ «ዘ ሰን» የተባለውን ጋዜጣ አቋቋመ። የዘመኑ ታላላቅ ጋዜጦች በስድስት ሳንቲም ሲሸጡ እርሱ ጋዜጣውን በአንድ ሳንቲም አቀረበ። በየመንገዱ እየጮኹ የሚሸጡ ልጆችንም አሠማራ። አንድ ሳንቲም ብቻውን ሥራውን በትርፍ ሊያቆም እንደማይችል ግልጽ ነው፤ የቀረውን የሚሞላው ማስታወቂያ አስነጋሪው ነበረ። ማስታወቂያ አስነጋሪው ደግሞ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ስንት ሰው ያየዋል?» ይላል። «ያየው ሰው እውነት አነበበ ወይስ ሐሰት?» ብሎ አይጠይቅም።

የዚህ አሠራር ውጤት ሁለት ዓመት ሳይሞላ ታየ። ከነሐሴ 25 ቀን 1835 ጀምሮ ይኸው ጋዜጣ በስድስት ተከታታይ ክፍሎች፣ ታላቁ እንግሊዛዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ ሰር ጆን ኸርሸል ከደቡብ አፍሪካ ጫፍ ላይ ሆኖ በጨረቃ ላይ ሕይወት ያላቸው ፍጥረታት አገኘ ብሎ ጻፈ። የሌሊት ወፍ ክንፍ ያላቸው ሰዎች፣ በሁለት እግር የሚሄዱ የውሃ አውሬዎች፣ ደኖችና ሐይቆች በዝርዝር ተተረኩ። ለወሬው ምንጭ ተደርጎ የተጠቀሰው ያን ጊዜ መታተም ያቆመ የስኮትላንድ የሳይንስ መጽሔት ነበረ። ጸሐፊው ሪቻርድ አዳምስ ሎክ የተባለ የጋዜጣው ባልደረባ እንደሆነ በሰፊው ይታመናል።

ለእኛ ለመሐንዲሶች ትኩረት የሚስበው የሐሰቱ አገነባብ ነው። ጽሑፉ የሚጀምረው ከጨረቃ ሰዎች ሳይሆን ከመሣሪያው ነው። 24 ጫማ፣ ማለትም ከ7 ሜትር በላይ ስፋት ያለው ሌንስ እንዴት እንደተቀለጠ፣ ክብደቱ ስንት እንደሆነ፣ ብርሃኑ እንዴት እንደሚጎላ በቁጥር ተብራርቷል። አንባቢው በቁጥሩ ብዛት አምኖ ወደ ክንፋሞቹ ሰዎች ይሻገራል። በእርግጥ ኸርሸል በዚያን ጊዜ በደቡብ አፍሪካ ነበረ፤ የሚጠቀምበት የቴሌስኮፕ መስተዋት ስፋት ግን ግማሽ ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር። እንግዲህ ሐሰቱ የተሠራው ከእውነተኛ ስም፣ ከእውነተኛ ቦታና ከሐሰተኛ ስሌት ነው። ይህ አሠራር እስከ ዛሬ አልተለወጠም። የእኛም ድልድይ ስም እውነተኛ ነበረ፤ የተደረመሰውም ድልድይ ሥዕል እውነተኛ ነበረ፤ ሐሰቱ ያለው ሁለቱን ባገናኘው ክር ላይ ነው።

ጋዜጣው በዚያው ሳምንት የዕለት ሽያጩ 19,360 መድረሱንና ይህም በዓለም የሚወዳደረው እንደሌለ ራሱ አስታወቀ። ጽሑፉን በትንሽ መጽሐፍ መልክ አትሞ፣ የጨረቃንም ትርኢት በሥዕል አሳትሞ ሸጠ። ሐሰቱ ከታወቀ በኋላም ጋዜጣው አልከሠረም። ሕዝቡ ስቆ ዝም አለ፤ በጋዜጣውም ላይ የተጣለ መቀጮ አልነበረም። ቅጣት የሌለበት ትርፍ ደግሞ ተከታይ ማፍራቱ አይቀርም። በ1844 ኤድጋር አለን ፖ የተባለው ዝነኛ ደራሲ አንድ ፊኛ በሦስት ቀን አትላንቲክን ተሻገረ የሚል የፈጠራ ወሬ በዚሁ ጋዜጣ እንደ እውነት አወጣ።

የጨረቃው ወሬ ማንንም አልጎዳም ይባል ይሆናል። ስለሚከተለው ግን እንዲህ ማለት አይቻልም። በየካቲት 15 ቀን 1898 «ሜን» የተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ በሃቫና ወደብ ፈንድታ ከ260 በላይ መርከበኞች አለቁ። ምክንያቱ ገና ሳይመረመር፣ በሽያጭ ፉክክር ላይ ከነበሩት የኒውዮርክ ጋዜጦች አንዱ የሆነው የዊሊያም ራንዶልፍ ኸርስት «ጆርናል» የጠላት ሥራ ነው ብሎ በትልቅ ርዕስ አወጀ፤ ወንጀለኛውን ለሚጠቁምም 50,000 ዶላር ሽልማት አቀረበ። ከሁለት ወራት ጥቂት ባለፈ ጊዜ ውስጥ አሜሪካና ስፔይን ጦርነት ገጠሙ። ጦርነቱን ያመጣው ጋዜጣ ብቻ ነው ማለት ማጋነን ይሆናል፤ በዚያ ግርግር ጋዜጦቹ ገበያ ማግኘታቸው ግን አያከራክርም። በ1976 አድሚራል ሃይመን ሪክኦቨር ያሳተሙት የምሕንድስና ጥናት ፍንዳታው ከውጭ በተወረወረ መሣሪያ ሳይሆን ምናልባት በመርከቧ የድንጋይ ከሰል ማከማቻ ውስጥ በተነሣ እሳት የመጣ ሳይሆን አይቀርም የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሰ። ርዕሱ ለመውጣት ሁለት ቀን፣ ጥናቱ ለመውጣት 78 ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

ሰሌዳው ወደ መረብ ሲገባ

በቀድሞው ጋዜጣ ዘመን ለሐሰት ነጋዴ አንድ ትልቅ እንቅፋት ነበረበት። የማተሚያ መኪና፣ ወረቀት፣ ሠራተኛና አዟሪ ያስፈልገዋል። ከዚህም በላይ አድራሻ አለው፤ የተበደለ ሰው ደጁን ሊያንኳኳ ይችላል። እነዚህን ሁለት እንቅፋቶች ያስወገደው የኢንተርኔት ማስታወቂያ ነው።

በጥቅምት 27 ቀን 1994 «ሆትዋየርድ» በተባለ ድረ ገጽ ላይ ኤ.ቲ. ኤንድ ቲ. የተባለው የቴሌፎን ኩባንያ ያስነገረው ማስታወቂያ ታየ፤ ይህም በመረብ ላይ ከዋሉት የሰሌዳ ማስታወቂያዎች የመጀመሪያው ተብሎ ይጠቀሳል። በ2000 ጉግል ለፍለጋ ገጹ የማስታወቂያ ሽያጭ ጀመረ። ለታሪካችን ወሳኙ ዓመት ግን 2003 ነው። በዚያ ዓመት ጉግል «አድሴንስ» የተባለውን አገልግሎት አቋቋመ። በዚህ አሠራር ማንኛውም ባለ ድረ ገጽ ጥቂት መስመር ኮድ በገጹ ላይ በመለጠፍ ብቻ የዓለም ማስታወቂያዎች ተከራይ ይሆናል። ማስታወቂያ አስነጋሪውን አያውቀውም፤ አስነጋሪውም እርሱን አያውቀውም። ገጹ በሚከፈትበት ቅጽበት፣ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ የአንባቢው ዓይን በሐራጅ ይሸጣል። ገንዘቡ ለሦስት ይከፈላል፤ ለአገናኙ ኩባንያ፣ ለደላሎችና ለባለ ገጹ።

ይህ ፈጠራ ለብዙ ታማኝ ጸሐፊዎች እንጀራ መስጠቱ አይካድም። ነገር ግን ሁለት ነገር አብሮ ለወጠ። የማተሚያውን ወጪ ወደ ዜሮ አወረደ፤ በከፋዩና በተከፋዩ መካከልም መጋረጃ ጣለ። የቀለም ፋብሪካው ገንዘቡ ስለ ተደረመሰ ድልድይ ለተፈበረከ ወሬ መዋሉን የሚያውቅበት መንገድ ጠፋ።

ሰሌዳው ሲዘጋጅ አዟሪው ገና አልመጣም ነበር። እርሱም ብዙ አልቆየም። ፌስቡክ በ2004፣ ዩትዩብ በ2005፣ ትዊተር በ2006 ተመሠረቱ። በመስከረም 2006 ፌስቡክ «ኒውስ ፊድ» የተባለውን ተከታታይ ገጽ፣ በየካቲት 2009 ደግሞ ላይክ የሚባለውን ምልክት አመጣ። ዩትዩብ በ2007 ከማስታወቂያ ገቢው ለቪዲዮ አዘጋጆች ማካፈል ጀመረ። ጋዜጣ አዟሪ ልጅ አንድ ከተማ ያዳርስ ነበር፤ አዲሱ አዟሪ ግን አንባቢው ራሱ ሆነ። ደመወዝ አይጠይቅም፤ ለሚያምኑት ሰዎች ያደርሳል፤ ከአገር አገርም ይሻገራል።

የቬሌስ ወጣቶች

ቬሌስ በቫርዳር ወንዝ ዳር የምትገኝ፣ 45,000 ያህል ሕዝብ የሚኖርባት የመቄዶንያ ከተማ ናት። አገሪቱ ከ2019 ጀምሮ ሰሜን መቄዶንያ ትባላለች። በዩጎዝላቪያ ዘመን ከተማዋ በፖርሴሊን ዕቃ ፋብሪካና በብረታ ብረት ማቅለጫ የታወቀች ነበረች። ፋብሪካዎቹ ተዘጉ፤ የወጣቱ ሥራ አጥነት ተስፋፋ።

በ2016 የአሜሪካ የፕሬዚደንት ምርጫ ሲቃረብ ጋዜጠኞች አንድ ያልተጠበቀ ነገር አገኙ። በአሜሪካ ፖለቲካ ላይ የሚጽፉ፣ አሜሪካዊ የሚመስል ስም ያላቸው ከ100 በላይ ድረ ገጾች የተመዘገቡት በዚችው ቬሌስ ነው። ባለቤቶቻቸው ባብዛኛው ገና ሃያዎቹን ያልዘለሉ ወጣቶች ነበሩ። ለየትኛውም እጩ ፍቅር አልነበራቸውም። መጀመሪያ በተለያየ ወገን ላይ ሞከሩ፤ የዶናልድ ትራምፕ ደጋፊዎች ይበልጥ ገጻቸውን እንደሚጎበኙ ስላዩ ወደዚያው አዘነበሉ። ወሬ ከየትም ይገለብጣሉ፣ ርዕሱን ያጋግላሉ፣ በፌስቡክ ያሠራጫሉ፤ አንባቢው ወደ ድረ ገጻቸው ሲመጣ የአድሴንስ ማስታወቂያ ይጠብቀዋል። በ2017 «ዋየርድ» የተባለው መጽሔት እንደዘገበው አንድ የ18 ዓመት ወጣት ከነሐሴ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ውስጥ ከሁለት ድረ ገጾች 16,000 ዶላር ገደማ አገኘ። የአገሩ አማካይ የወር ደመወዝ በዚያን ጊዜ 371 ዶላር ነበረ።

ለምን ስለ መቄዶንያ አልጻፉም? መልሱ በኩባንያዎቹ የሂሳብ መዝገብ ላይ ይገኛል። ፌስቡክ ራሱ ባወጣው ሂሳብ መሠረት በ2016 የመጨረሻ ሩብ ዓመት ከአንድ የአሜሪካና የካናዳ ተጠቃሚ በአማካይ 19.81 ዶላር፣ ከአንድ የአውሮፓ ተጠቃሚ 5.98 ዶላር፣ አፍሪካን ከሚጨምረው የዓለም ክፍል ተጠቃሚ ደግሞ 1.41 ዶላር አግኝቷል። የሰው ዓይን ዋጋ እንደ መኖሪያ አገሩ ይለያያል። ስለዚህም ድኻ አገር ያለ ሐሰት ፈጣሪ ሀብታም አገር ያለ አንባቢን ያድናል። በእኔ እኅት ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። በአማርኛ የሚነገር አስደንጋጭ ርዕስ ከጎረቤቱ ይልቅ በዋሽንግተንና በፍራንክፈርት የሚኖረውን ናፋቂ ቢያነጣጥር የሚበዛው ትርፍ ምክንያቱ እዚህ ላይ ነው። ናፍቆትና ሥጋት በሩቅ አገር ይበረታሉ፤ ወሬውን ወጥቶ ለማረጋገጥ ግን ሩቅ ያለ ሰው አይችልም።

በዚያ የምርጫ ዘመን ከተሠራጩት ሐሰተኛ ወሬዎች መካከል ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ አንደኛውን እጩ ደገፉ የሚለው በፌስቡክ ላይ ወደ 960,000 ያህል ምላሽ አግኝቷል። «ባዝፊድ» የተባለው የዜና ድርጅት ባደረገው ቆጠራ፣ ከምርጫው በፊት በነበሩት ሦስት ወራት 20 የታወቁ ሐሰተኛ ወሬዎች ያገኙት ላይክ፣ አስተያየትና ማጋራት 8.7 ሚሊዮን ሲሆን፣ የታላላቅ ዜና ድርጅቶች 20 ምርጥ ወሬዎች ያገኙት 7.4 ሚሊዮን ገደማ ነበረ። በኅዳር 2016 ጉግልና ፌስቡክ በሐሰተኛ ወሬ ገጾች ላይ ማስታወቂያ እንዳይውል እንደሚከለክሉ አስታወቁ። የቬሌስ ወጣቶች ገቢም ብዙም ሳይቆይ ነጠፈ። ከዚህ የምንማረው ትምህርት ግልጽ ነው። ወጣቶቹን ያስቆመው ስብከት ወይም እሥራት ሳይሆን የገንዘቡ ቧንቧ መዘጋቱ ነው።

መለኪያውና ማሽኑ

የሐሰት ወሬን ፍጥነት ለመለካት ከተደረጉት ጥናቶች ታዋቂው በመጋቢት 2018 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣው ነው። ተመራማሪዎቹ ከ2006 እስከ 2017 በትዊተር ላይ በ3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የተሠራጩ 126,000 ያህል የወሬ ሥርጭቶችን መረመሩ። ሐሰተኛው ወሬ እንደገና የመላክ ዕድሉ ከእውነተኛው በ70 በመቶ ይበልጣል። እውነቱ 1,500 ሰዎች ዘንድ ለመድረስ ሐሰቱ ከሚፈጅበት ጊዜ ስድስት እጥፍ ያህል ይፈጅበታል። ለዚህም ዋናው ተጠያቂ ራሱን በራሱ የሚያንቀሳቅስ ማሽን ሳይሆን ሰው ሆኖ ተገኘ። ሐሰት ከእውነት ይልቅ አዲስ ነገር ይመስላልና ሰው ያጋራዋል።

ይሁን እንጂ ነገሩን በሰው ጠባይ ላይ ብቻ ማሳበብ ለእኛ ሙያ አይገባም። በ1788 ጄምስ ዋት በእንፋሎት ሞተር ላይ የገጠመውን የፍጥነት መቈጣጠሪያ ሁላችንም በትምህርት ቤት አይተነዋል። ሞተሩ ሲፈጥን ኳሶቹ ይነሣሉ፣ የእንፋሎቱን በር ያጠብባሉ፤ ሲያዘግም ይወርዳሉ፣ በሩን ይከፍታሉ። ማሽኑ ከልክ እንዳያልፍ ራሱን ይገታል። የማኅበራዊ መገናኛ መድረኮች የወሬ መምረጫ አሠራር የዚህ ተቃራኒ ነው። አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው ካስቆጣ ለብዙ ሰው ይታያል፤ ለብዙ ሰው ሲታይ ብዙ ሰው ያስቆጣል። በሩ በፈጠነ ቁጥር ይበልጥ የሚከፈት ሞተር ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሞተር ነድፎ ለፊርማ የሚያቀርብ መሐንዲስ ቢኖር አለቃው ሥዕሉን ይመልስለት ነበር።

ይህ ግምት አይደለም። በ2021 ከፌስቡክ በወጡ የውስጥ ሰነዶች እንደታወቀው፣ ከ2017 ጀምሮ የቁጣ ፊትን ጨምሮ እያንዳንዱ የስሜት ምልክት ከአንድ ላይክ አምስት እጥፍ ክብደት ይሰጠው ነበር። የኩባንያው ባለሙያዎች ቁጣ የሚያበዙ ጽሑፎች ሐሰትና መርዝ እንደሚበዛባቸው አስጠነቀቁ። የቁጣው ምልክት ክብደት በደረጃ እየቀነሰ በመስከረም 2020 ዜሮ ሆነ። እዚህ ላይ ልብ የሚባለው ነገር፣ ቁጥሩን የመረጡት እንደ እኛ ያሉ ባለሙያዎች መሆናቸው ነው። ክፉ ሰዎች ነበሩ ለማለት ማስረጃ የለም። ለመለካት የሚቀለውን ለኩ፤ የለኩትንም አሳደጉ። በግንባታ ሥራ ላይ ጥራትን ትቶ የፈሰሰውን ኮንክሪት መጠን ብቻ እየቈጠረ ክፍያ የሚፈጽም ተቈጣጣሪ ምን እንደሚያተርፍ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

ሒሳቡን የከፈሉት

በ2015 ፌስቡክ «ኢንስታንት አርቲክልስ» የተባለ አገልግሎት ጀመረ፤ ጽሑፎች በመድረኩ ውስጥ ቶሎ እንዲከፈቱና ባለ ጽሑፎቹ ከማስታወቂያው እንዲካፈሉ የሚያደርግ ነበረ። በ2021 «ኤም.አይ.ቲ. ቴክኖሎጂ ሪቪው» ያወጣው ምርመራ ይህ አገልግሎት ሚያንማር ሲገባ ምን እንደሆነ ይተርካል። በ2015 በአገሪቱ በፌስቡክ ብዙ ምላሽ ከሚያገኙት አሥር ድረ ገጾች መካከል ስድስቱ የታወቁ ዜና ድርጅቶች ነበሩ። አገልግሎቱ ከገባ ከዓመት በኋላ ሁለት ቀሩ። በ2018 አንድም አልቀረም። ቦታውን የያዙት ለጠቅታ የተፈጠሩ ገጾች ናቸው።

በዚሁ ዘመን፣ ከነሐሴ 2017 ጀምሮ፣ ከ700,000 በላይ የሮሂንጋ ተወላጆች ከሚያንማር ወደ ባንግላዴሽ ተሰደዱ። በ2018 የተባበሩት መንግሥታት መርማሪ ቡድን መሪ ማኅበራዊ መገናኛ በዚያ ጥላቻ ውስጥ ወሳኝ ሚና መጫወቱን ገለጡ። ጥላቻውን ገንዘብ ብቻ አመጣው ማለት ስሕተት ነው፤ የቆየ ግፍና የጦር ኃይሉ ዘመቻ ነበረበት። ነገር ግን ቤት በሚቃጠልበት ሰዓት ለጠቅታ ገንዘብ የሚከፍል አሠራር፣ ነፋስ እየነፋ ኪራይ እንደሚቀበል ሰው ነው።

ከማስታወቂያ ድርሻ ሌላ ሁለተኛ መንገድም አለ፤ ይኸውም ሐሰትን እንደ ደጅ ጠሪ አቁሞ ዕቃ መሸጥ ነው። በታኅሣሥ 14 ቀን 2012 በአሜሪካ የኮኔቲከት ግዛት በሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 ሠራተኞች ተገደሉ። የ«ኢንፎዋርስ» ባለቤት አሌክስ ጆንስ ግድያው የተቀነባበረ ድራማ ነው እያለ ለዓመታት ተናገረ። የተቈጣና የፈራ ተመልካች ወደ ገጹ ሲመጣ፣ እዚያው የንጥረ ነገር እንክብሎችና ለክፉ ቀን የሚሆኑ ዕቃዎች ይሸጡ ነበር። ልጆቻቸውን የቀበሩ ወላጆች «ተዋንያን» እየተባሉ ተዛተባቸው፤ ቤት እስከመቀየር ደረሱ። በጥቅምት 2022 የኮኔቲከት ዳኞች 965 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ፈረዱ። ፍርዱ ትልቅ ነው፤ ሐሰቱና ፍርዱ ግን በአሥር ዓመት ተራርቀዋል።

ሐሰቱን የሚያስከፍለው መድረክ ብዙ ጊዜ ራሱም ችግሩን ያውቀዋል። የቀድሞው ትዊተር፣ የአሁኑ ኤክስ፣ በሐምሌ 2023 ለባለ ሂሳቦች ከማስታወቂያ ገቢው ማካፈል ሲጀምር መለኪያው የተመልካች ብዛት ነበረ። ሦስት ወር ያህል ቆይቶ፣ በጥቅምት 2023፣ የኩባንያው ባለቤት ኢሎን መስክ በአንባቢዎች ማስታወሻ የታረመ ጽሑፍ ክፍያ እንደማያገኝ አስታወቀ። ይህም ቢሆን ልብ ለሚል ሰው ትልቅ ምስክርነት ነው፤ ቧንቧውን የያዘው እጅ ሲፈልግ ሊዘጋው እንደሚችል ያረጋግጣል።

በእኛ ዘንድ

አገራችን በዚህ ጉዳይ ሕግ አላት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቈጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185፣ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ መገናኛ ሂሳብ ጥፋቱን የፈጸመ ሰው እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እሥራት ወይም እስከ 100,000 ብር በሚደርስ መቀጮ እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ሕግ መኖሩ መልካም ነው። ይሁንና እስካሁን የተመለከትነው ታሪክ እንደሚያስረዳው፣ ተናጋሪውን ብቻ የሚያይ ሕግ የወንዙን አፍ ትቶ ጭቃውን የሚጠርግ ይሆናል። ተናጋሪው ባሕር ማዶ ሊሆን ይችላል፤ አስነጋሪው ሌላ አገር ነው፤ አገናኙ ኩባንያ ሦስተኛ አገር ነው። በዚህም ላይ በንግግር ላይ የሚጣል ቅጣት ሲሰፋ እውነተኛውን ተናጋሪም ሊያስፈራ እንደሚችል መዘንጋት አይገባም። ገንዘቡን የሚከታተል አሠራር ግን ማንንም ዝም አያሰኝም፤ ሐሰትን እንጀራ ከመሆን ብቻ ያወጣዋል።

ከዚህ አንጻር የማኅበራችን አባላት በእጃችን ያለ ሥራ አለን። አንደኛ፣ ብዙዎቻችን የምንሠራባቸው ድርጅቶች ማስታወቂያ ያስነግራሉ። ማስታወቂያችን በየትኛው ገጽ ላይ እንደዋለ ዝርዝሩን መጠየቅ የሂሳብ ሹም ሥራ ብቻ አይደለም። ሁለተኛ፣ ስለ ግድብ፣ ስለ ድልድይ፣ ስለ ሕንፃ የሚወራ ሐሰት በእኛ ሙያ ላይ የሚወራ ነው፤ ማኅበሩ በተለካ ቁጥር ፈጥኖ የሚመልስበት መንገድ ቢያበጅ፣ ሕዝቡ ከሚያምነው ሰው እውነቱን ያገኛል። ሦስተኛ፣ ስናስተባብል የሐሰቱን ቪዲዮ አናጋራ፤ እውነቱን ብቻ ለብቻው እናውጣ። ቁጣችንም ገበያ ነውና። አራተኛ፣ ከመካከላችን ሶፍትዌር የሚነድፉ ወጣት ባልደረቦች አሉ፤ ለእነርሱ የምንነግራቸው ነገር ለድልድይ ነዳፊ የምንነግረው ነው። የምትለኩትን ነገር በጥንቃቄ ምረጡ፤ ማሽኑ የሚያሳድገው እርሱን ነውና።

መደምደሚያ

አባቶቻችን «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ይላሉ። ይህ ምክር የተነገረው ወሬን የሚያመጣው ሰው ፊቱ በሚታይበት፣ አባቱ በሚታወቅበት ዘመን ነው። ዛሬ ወሬውን የሚያመጣው ፊቱ የማይታይ ቢሆንም ምክሩ አላረጀም፤ እንዲያውም አንድ ጥያቄ ጨምረንበት እንጠቀምበታለን። ይህን በማየቴ የሚከፈለው ማን ነው?

ወደ ድልድያችን ልመለስ። በአራተኛው ቀን ጠዋት አሸዋ የጫኑ ገልባጭ መኪኖችን አስመጥተን የአካባቢው ሽማግሌዎችና አሽከርካሪዎች በተሰበሰቡበት መካከለኛው ድር ላይ አቆምናቸው። ባልደረባዬ በሌቭል መሣሪያ ዝቅታውን ሲለካ፣ እኔ ከድልድዩ ሥር ቆሜ ነበርሁ። ይህ በመሥፈርት የታዘዘ አልነበረም፤ ነገር ግን አንድ ሽማግሌ «ነዳፊው ከሥሩ ከቆመ እኛ ከላይ እናልፋለን» ብለው ነበርና እንቢ ማለት አልቻልሁም። ዝቅታው በስሌት ከተገመተው በታች ሆኖ ተገኘ። መኪኖቹ ሲነሡም ድልድዩ ወደ ቦታው ተመለሰ። በዚያው ዕለት መንገዱ እንደ ቀድሞው ተጨናነቀ።

ያን ጠዋት ስልኩን አውጥቶ የቀረጸ ሰው ነበረ። ቪዲዮውን ያየው ሰው ግን ጥቂት ነው። ያልተደረመሰ ድልድይ ወሬ አይሆንም። የሐሰቱ ቪዲዮ እኔ እስከተከታተልሁት ድረስ አልወረደም ነበር፤ ከፊቱም ማስታወቂያ መታየቱን አላቆመም። ድልድዩ ግን ቆሟል፤ በየቀኑም ሰው ይሻገርበታል።